በየዓመቱ የሚያፈሰው ቧንቧ

ንጎኔ ጆፕ በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ሦስት ቧንቧ ሠራተኞች አስገብታ ሦስቱንም ረግማለች። ሰው ሲጠይቃት «ምን ላድርግ፣ ታማኝ ባለሙያ ጠፋ» ትላለች። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ቧንቧው ተጠገነም አልተጠገነም፣ ንጎኔን ያንገበገባት ማጋት ንጃይ የመሣሪያ ከረጢቱን በትከሻው አንጠልጥሎ በዚያ በር መግባቱን መተዉ ነው። ይህን እንኳን ለሰው ለራሷም አፍ አውጥታ አልተናገረችውም።

ቤቱ ንዳር ደሴት ላይ፣ ወደ ወንዙ በሚያወርደው መንገድ ዳር ያለ ነው። ቢጫ ቀለሙ ተላልጧል፣ የፎቁ የእንጨት ሰገነት ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሏል። አባቷ ከአባቱ ወረሰው፣ እሷ ከአባቷ። እንዲህ ያለውን ቤት የወረሰ ሰው ቤት አገኘ ከሚባል የሚጦረው አመለኛ ሽማግሌ አገኘ ቢባል ይሻላል። አንዱን ቧንቧ አያቷ ቀበረው፣ ሌላውን አባቷ ቀጠለበት፣ ሦስተኛውን ባሏ ኦማር በግድግዳ ውስጥ አሳለፈው። የት ገብቶ የት እንደሚወጣ በወረቀት ያሰፈረ የለም።

ግቢው ውስጥ ስድስት የሲሚንቶ ገንዳዎች ተደርድረዋል። ንጎኔ ጨርቅ ነካሪ ናት። ከሃያ ዓመቷ ጀምሮ የነከረችው ጨርቅ ቢዘረጋ የደሴታችንን ድልድይ ከዳር እስከ ዳር አልብሶ ይተርፋል። አሁን ስልሳ አንድ ሞልቷታል፤ ክንዶቿ እስከ ክርን ድረስ ሰማያዊ ናቸው፤ ለሠርግም ብትታጠብ ለለቅሶም ብትታጠብ ቀለሙ አይለቅም። ለዚህ ሥራ ውሃ ሁሉም ነገር ነው። ወደ ገንዳዎቹ የሚሄደው ዋናው ቧንቧ ደግሞ በደረጃው ሥር ባለው ግድግዳ ውስጥ ያልፋል፤ የሚያፈሰውም እዚያው ነው። ግድግዳው ውሃ ጠጥቶ እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ ተነፍቷል። እንደዚያው ከከረመ ደረጃውን ይዞት ይወርዳል፣ በደረጃው የሚወጣና የሚወርድ ሰው ደግሞ አለ።

ከሦስቱ የመጀመሪያው ጎርጊ የሚባል ወፍራም ሰው ነበር። «ሐጃ፣ ይሄ ቀላል ነው፣ አንድ ሰዓት አይፈጅም» አላትና የግቢውን ወለል መቆፈር ጀመረ። ሦስት ቀን ቆፈረ። በመጨረሻ ያገኘው ቧንቧ ሳይሆን አያቷ የደፈነውን የድሮ የውሃ ጉድጓድ ነው። ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ አየና «ማሻ አላህ» ብሎ ሄደ፤ አልተመለሰም።

ሁለተኛው ሴኒ፣ ስልኩን አውጥቶ ቧንቧውን ከግራ አነሳው፣ ከቀኝ አነሳው። «ዕቃውን ከዳካር አስመጣለሁ» አለ። ፎቶው እስከ ዛሬ እሱ ጋ አለ፤ ዕቃው ግን አልመጣም። የሦስተኛውን ስሙን እንኳ ሳታጣራ ቀረች። በሚያፈሰው ላይ ሳሙና መርጎ፣ ላዩን በጨርቅ ጠምጥሞ በሽቦ አሰረው። በሳምንቱ ሳሙናው ሟሙቶ ገንዳው አረፋ በአረፋ ሆነ፤ ለአንዲት ሙሽራ ቤተ ዘመድ የታዘዘ ሠላሳ ሜትር ጨርቅ ዥንጉርጉር ሆኖ ቀረ።

ሦስቱም ታዲያ ሲበዛ ጨዋዎች ነበሩ። «ሐጃ እንዴት አደሩ፣ ሐጃ ይቀመጡ፣ ሐጃ አይድከሙ» ይላሉ። ከመካከላቸው አንድ እንኳ የሰደባት የለም። ንጎኔን ከምንም በላይ ያናደዳት ይሄ ነው።

ማጋት ንጃይ መጀመሪያ የመጣው ከሠላሳ ዓመት በፊት ባሏ ኦማር ጠርቶት ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጆሮው ላይ ሁልጊዜ እርሳስ የሚሰካ ሰው ነው። በሩ ላይ ቆሞ፣

«የማን ቤት ነው ይሄ?» አለ።

«የጆፕ ቤት» አለችው ንጎኔ።

«ወይኔ! ቀድማችሁ ብትነግሩኝ ምሳዬን በልቼ እመጣ ነበር። ጆፕ ቤት ገብቶ ማን እህል ቀምሶ ያውቃል?»

«አንተስ ማን ነህ?»

«ንጃይ ነኝ።»

«ንጃይ!» ብላ ወደ ጓዳ ጮኸች። «ልጆች፣ ድስቱን ደብቁ! ሆዳሙ መጣ!»

በእኛ አገር የጆፕ ዘርና የንጃይ ዘር ተገናኝተው ካልተሰዳደቡ አንዱ ታሟል ማለት ነው። ከአያት ቅድመ አያት የመጣ ነው። ንጃይ ጆፕን «ገረዴ» ይላታል፤ ጆፕ ንጃይን «አሽከሬ» ትለዋለች፤ አንዱ ሌላውን ሆዳም ይላል። በገበያ፣ በቀብር፣ በፍርድ ቤት እንኳ ሳይቀር፣ የማይተዋወቁ ሰዎች ስማቸውን ተጠያይቀው ወዲያው ይጀምራሉ። የሚቀየም የለም፤ የተቀየመ ይሳቅበታል። ሁለቱ የሚነጋገሩት ነገር ሁሉ ቀልድ እንደሆነ ሕፃን ልጅ ያውቃል። እኛም በዚህ እንኮራለን። ያ ኩራታችን ግን አንድን ሰው ምን ያህል አፉን እንደሚዘጋው አስበነው አናውቅም።

ማጋት ሐሙስ እመጣለሁ ካለ ሐሙስ ይመጣል። በቧንቧ ሠራተኞች ዘንድ ይህ ተአምር ነው። የበየደውን ነገር ማንም ዳግመኛ አይነካውም። ኦማር ሞቶ ንጎኔ ከአንድ ልጇ ጋር ስትቀር፣ ልጁም አድጎ ዳካር ሲገባ፣ ማጋት መምጣቱን አላቋረጠም። እሱም ሚስቱ ቀድማ ሞታበታለች። በየዓመቱ ዝናቡ አልፎ ነፋሱ ሲደርቅ ያቺ የደረጃ ሥር ቧንቧ ማፍሰስ ትጀምራለች፤ ንጎኔ ትልክበታለች፤ እሱም ግድግዳውን ከፍቶ፣ ጠግኖ፣ መልሶ ይደፍነዋል። ለሌላው ሥራ ዋጋውን ይቀበላል፤ ለዚያችኛዋ ግን አንድም ቀን አስከፍሏት አያውቅም። «ለእሷ ምሳ ይበቃኛል፣ ገረዴ» ይላል። ሩዝ በዓሣ ታቀርባለች፤ እየበላ «ጨው አንሶታል፣ ጆፕ መቼ ጨው ገዝታ ታውቃለች» ይላል፤ እሷም «ሁለት ሰሃን ከላስክ በኋላ ነው የታወሰህ?» ትለዋለች። የምትነክርላት ሴት ሁሉ ሥራ አቁማ ትስቅ ነበር። ንጎኔ ያን ቀን ከሌላው ቀን ሁሉ ለይታ ትወደው እንደነበር ያወቀችው ከቀረባት በኋላ ነው።

የቀረውም ከአንዲት ዓርብ ወዲህ ነበር። ከስግደት መልስ ማጋት ነጭ ቡቡ የሚባለውን ሰፊ የክት ቀሚስ ለብሶ፣ አዲስ ጫማ አድርጎ፣ ከረጢቱን ሳይዝ መጣ። በእጁ በወረቀት የተጠቀለለ የኮላ ፍሬ ነበር። በእኛ ዘንድ ወንድ ኮላ ይዞ ሴት ያለችበት ቤት ሲመጣ ምን ፈልጎ እንደሆነ አይጠየቅም። ሴቶቹ እጃቸውን ከገንዳው አውጥተው ቀና አሉ።

«ጆፕ» አለ ማጋት፣ ጥቅሉን ዘርግቶ። «ላገባሽ ነው የመጣሁት።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

«አይ ንጃይ!» አለች ንጎኔ ሆዷን ይዛ። «ሩዙ ገና አልደረሰም! ነጭ ለበስክ ተብሎ አንድ ጭልፋ አይጨመርልህም!»

ማጋት ጥቅሉን ይበልጥ አስጠጋላት። ከዚያ «እውነቴን ነው» አለ።

ይሄኛው ከመጀመሪያው ይልቅ አሳቃቸው። ያንዴ፣ ሃያ ዓመት ከንጎኔ ጋር የሠራችው አንጋፋዋ ነካሪ፣ እንባዋን በሰማያዊ እጇ ጠርጋ ፊቷን ሁሉ ቀለም አደረገችው፤ እሱም ሌላ ሳቅ ሆነ። ንጎኔ ኮላውን ተቀብላ ለሴቶቹ አደለች፣ አንዱን ራሷ ነከሰች፣ «ጥሎሹ በሆድ ገባ፣ ሙሽራው ይመለስ!» አለች። ማጋትም ሳቀ። ሳቀና ቡቡውን አውልቆ ሚስማር ላይ ሰቀለ፣ እጅጌውን ጠቅልሎ የላላች አንዲት ቧንቧ አጠበቀላት። ምሳ ሲቀርብ ትንሽ ቀመሰ። ንጎኔ «ንጃይ ጠገበ፣ ዓለም ሊያልፍ ነው!» አለች። ያን ዕለት ከሄደ በኋላ አልተመለሰም። ዝናቡ አልፎ ቧንቧዋ ማፍሰስ ስትጀምር ብትልክበት «ጉልበቴን አሞኛል፣ ልጄ ጋ ጋንጆል ገብቻለሁ» ብሎ መልስ ላከ። ንጎኔ አመነችው።

አራተኛው ቧንቧ ሠራተኛ ቲጃን ፋል ይባላል። አርባ ዓመት አካባቢ የሚሆነው፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። ነገ ጠዋት አለ፣ ነገ ጠዋት መጣ። ንጎኔ ይህን ስታይ ደስ ከሚላት ይልቅ ከፋት፤ ሌላ ሰው በማጋት ቦታ ሊቆም ይችላል ብላ አላሰበችም ነበር። ቲጃን የደረጃውን ሥር ግድግዳ በጥንቃቄ ከፈተ፣ ባትሪ አበራ፣ ብዙ ቆየ።

«ሐጃ» አለ ከዚያው ከተንበረከከበት፣ «ይህን ቤት ይዞ የኖረው ባለሙያ ማን ነው?»

«ምን አጠፋ?»

«አላጠፋም። ይሄን ይዩት፣ ይሄን ይዩት፣ ሁሉም የተበየደ ነው። የወርቅ ሠሪ እጅ ነው ያለው፤ እኔ ራሴ እንዲህ አድርጌ አልበይድም። ይቺ አንዷ መጋጠሚያ ግን...» በጣቱ ዳሰሳት።

«ይቺ አንዷ ምን?»

«ይቺ በጥርሷ ተጠምዝዛ የምትገባ ናት። ጥርሷ ላይ ቃጫ ይጠመጠማል፣ ቃጫው ላይ ማጣበቂያ ይቀባል፣ ከዚያ ዕድሜ ልክ ነው። እሱ ማጣበቂያውን አልቀባም። በደረቅ ቃጫ ነው የጠመጠማት።»

«ረስቶት ይሆናላ!»

«አንድ ጊዜ ይረሳል ሐጃ። ይቺ እኮ ስትፈታና ስትታሰር ጥርሷ አልቋል። ደረቅ ቃጫ ውሃ ሲጠጣ አብጦ ይይዛል። ዓመት ቢይዝ ነው፣ ከዚያ በስብሶ ያፈሳል።» ባትሪውን አጠፋ። «ይህን ያደረገው ሰው ሥራ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። እንድታፈስ ፈልጎ ነው።»

የንጎኔ ደም ፈላ። «ሌባ! የሌባ ልጅ! ቤቴን ሊያፈርስብኝ! ሆዳም ንጃይ! በዓመት አንድ ሰሃን ሩዝ ለመብላት ብሎ የአያቴን ቤት ሊንድ!» እያለች በግቢው ተንጎራደደች። ቲጃን ነገሩ ቀልድ ይሁን እውነት አልገባው ብሎ መፍቻውን ይዞ ቆመ። ንጎኔ ብዙ ከለፈለፈች በኋላ ግን መንጎራደዷን አቆመች። ለሌላው ሥራ ሁሉ ዋጋውን ተቀብሏል፤ ለዚያችኛዋ አንድም ቀን አልተቀበለም። ታዲያ ምን ፈልጎ ነው? ቧንቧዋ መጀመሪያ ያፈሰሰችው መቼ ነው? ኦማር በሞተ በዓመቱ። ኦማር በሕይወት እያለ ጠብ ብላ አታውቅም።

ያንዴ ጨርቅ እየጨመቀች ነበር። ቀና አላለችም። «እትዬ» አለች፣ «እውነት አላወቁም ነበር?»

«ምኑን?»

«ጫማው አዲስ ነበር እኮ። ያን ዕለት። ሳቁ ካለቀ በኋላ ነው ያየሁት። ለቀልድ ብሎ አዲስ ጫማ የሚገዛ ሰው የለም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ኮላውን በልተን ጨርሰን ነበር» አለች ያንዴ።

ንጎኔ የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። አንጀቷን የበላት ምን እንደሆነ በደንብ ታውቃለች። አንድ ሰው አሥራ አራት ዓመት በዓመት አንድ ቀን ሊያያት ብሎ ሙያውን አዋረደ፤ መጨረሻ ላይ ነጭ ለብሶ እውነቱን ሲነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀችበት። ከዚያ በላይ ያመማት ግን ሌላ ነው። ያን ዕለት ገብቷት ቢሆን ኖሮ እሺ ትለው ነበር።

«እንግዲህ ልበይዳት?» አለ ቲጃን።

«ትንሽ ቆይ» አለችው። «አንድ ሰው ሳልጠይቅ አትንካት።»

በማግስቱ ድልድዩን ተሻግራ ጋንጆል የሚሄደው መኪና ላይ ተሳፈረች። ማጋት የልጁ የማሬም ቤት ጓሮ፣ ሽንኩርት መደብ ላይ ጎንበስ ብሎ በጎማ ውሃ ሲያጠጣ አገኘችው። አልወፈረም፣ አልከሳም፤ እርሳሱ ብቻ ጆሮው ላይ የለም። ሲያያት ፊቱ በራ፣ ወዲያውም አፉ ተከፈተ።

«ሰዎች፣ ሽንኩርቱን ቁጠሩ! ጆፕ መጣች!»

«ሌባ የት ተደብቆ እንደሚኖር ላይ ብዬ ነው!» አለች ንጎኔ፤ ሳታስበው አመለጣት። ማሬምና ሽንኩርት የሚለቅሙት የጎረቤት ሴቶች ተሰበሰቡ። ምንጣፍ ተነጠፈ፣ አታያ የሚሉት ሻይ ተጣደ። ስድቡ በሁለቱም በኩል ወረደ፤ ሴቶቹ እየተደጋገፉ ሳቁ። ንጎኔ አጋጣሚ ጠበቀች። አጋጣሚ የሚባል አልመጣ ሲላት ብርጭቆዋን አስቀመጠችና፣

«ንጃይ፣ ያን ዓርብ ለጠየቅከኝ መልስ ይዤ መጥቻለሁ» አለች። «እሺ ብያለሁ።»

ሴቶቹ ጮኹ። አንዷ እልል አለች። «ጆፕ ባል ፍለጋ ጋንጆል ድረስ!» «ሽንኩርቱን ነው የወደደችው!» «አባባ፣ አደራ፣ ሩዙን ቆልፍበት!» ማሬም ሳቅ አንቋት መሬት ተቀመጠች። ማጋትም ሳቀ፤ እንዲያውም ከሁሉም ጮክ ብሎ ሳቀ። ንጎኔ በዚያ ሁሉ ሳቅ መካከል ተቀምጣ ያን ዓርብ እሱ የቆመበትን ቦታ አየችው። እንዲህ ነበር እንዴ? «እውነቴን ነው» ልትል አሰበችና ተወችው፤ ምን እንደሚመጣ ታውቃለች።

ወደ መኪናው የሸኛት ማጋት ነው። ጉልበቱ እውነትም ታሟል፤ በዱላ እየተረዳ፣ አሸዋው ላይ ቀስ እያሉ ሄዱ። ሰው ከማይሰማቸው ቦታ ሲደርሱ ንጎኔ ቆመች።

«ማጋት» አለችው።

በሠላሳ ዓመት ውስጥ በስሙ ጠርታው አታውቅም። ዱላውን አሸዋው ውስጥ ተክሎ ዞረ። ስድብ አልመጣለትም።

«መጋጠሚያዋን አገኘናት» አለች።

ማጋት መሬት መሬት አየ። «ነውር ነው የሠራሁት» አለ። «በሌላ ሰው ቤት አድርጌው አላውቅም።»

«ለምን በሽማግሌ አላስጠየቅከኝም?»

«ማንን ልላክ? ዘመዶቼ ሁሉ ንጃይ ናቸው። ገና በር ላይ ሲደርሱ ድስት ታስደብቂያለሽ።»

ንጎኔ ሳታስበው ሳቀች፤ ወዲያው እንባዋ መጣ። «እኔ እኮ እሺ እልህ ነበር። ገብቶኝ ቢሆን እሺ እልህ ነበር።»

«እውነቴን ነው ብዬሽ ነበር።»

«ብለኸኛል።»

«ቤቴ ሆኜ ሦስት ቀን ተለማምጄዋለሁ» አለ ማጋት። «ከዚያ በላይ ምን እንደሚባል አላውቅም ነበር።»

መኪናው ከሩቅ አቧራ ሲያስነሳ ታየ። ንጎኔ ቸኮለች። «ልጁ ሊበይዳት ይፈልጋል። ደህና ባለሙያ ነው። ይበይዳት?»

ማጋት በዱላው ጫፍ አሸዋውን ቆረቆረ። ጥያቄው ስለ ቧንቧ ብቻ እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። «ይበይዳት» አለ በመጨረሻ። «ግድግዳው ተንዶ ሰው ሳይጎዳ።»

«ከተበየደችስ በምን ትመጣለህ?»

«እንግዲህ...» አለ ማጋት። «እኔ ያለ ምክንያት ሰው ቤት መሄድ አልችልበትም። ሠላሳ ዓመት መሣሪያ ይዤ ነው የገባሁት። ያለ መሣሪያ የመጣሁት አንድ ቀን ነው፤ የሆነውን አይተሻል።»

መኪናው ደረሰ። ረዳቱ «ንዳር! ንዳር!» እያለ በሩን ደበደበ። ንጎኔ የምትለው እያላት ተሳፈረች። በመስኮቱ ዞራ ስታይ ማጋት እዚያው እንደቆመ ነው፤ እጁን አላነሳም።

ቲጃን በነጋታው ጠዋት መጣ። «በይዳት» አለችው፤ ሌላ አልጨመረችም። የእሳቱን ሰማያዊ ነበልባል ቆማ አየች። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ሲጨርስ ውሃውን ለቀቀና እጁን መጋጠሚያዋ ላይ አሳርፎ ጠበቀ። ጠብታ የለም። «ሐጃ፣ ከእንግዲህ እርስዎም እኔም ሞተን ይቺ አታፈስም» አለ ደስ ብሎት። ንጎኔ መርቃ ሸኘችው፣ ከዚያ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

ሰው ሲጠይቃት «ታማኝ ባለሙያ ጠፋ» ስትል የኖረችው ሴት ይኸው ታማኝ ባለሙያ አገኘች። ግድግዳው ደረቀ፣ ተለሰነ፣ ቢጫ ተቀባ። ውሃው ወደ ገንዳዎቹ እንደ ልብ ይወርዳል፤ ሥራዋ እንዲህ የቀናበት ጊዜ የለም። ሴቶቹ ግን ንጎኔ ዝምታ እንዳበዛች አዩ። በሩ በተንኳኳ ቁጥር እጇን ከቀለም አውጥታ ትቆማለች፤ ጨርቅ አስነካሪ ሆኖ ሲገኝ ትቀመጣለች። አንድ ወር እንደዚህ ሆነች። ከዚያ ሁለት። ዳካር ያለው ልጇ ስልክ ሲደውል «እማዬ፣ ቤቱ እንዴት ነው?» አላት። «ምንም አይጎድለውም» አለችው፤ አንድ ቤት ምንም ሳይጎድለው ይህን ያህል ባዶ ሊሆን እንደሚችል ግን እንዴት አድርጋ ለልጅ ታስረዳዋለች?

በሦስተኛው ወር አንድ ሐሙስ፣ ሥራው በሞቀበት ሰዓት፣ ንጎኔ ሽርጧን ፈታች።

«የት ነው እትዬ?» አለች ያንዴ።

«ጋንጆል።»

«ምን ሊያደርጉ?»

ንጎኔ መልስ ፈልጋ አጣች። ያው እንዳጣች ወጣች። ኮላ አልገዛችም፣ ዓሣ አልገዛችም፣ ልብሷን አልቀየረችም። መኪናው ውስጥ ሁለት ጊዜ ልወርድ አለች። ሰዉ ምን ይላል? ሴት ልጅ፣ ያውም አያት ለመሆን የደረሰች፣ ምክንያት ሳይኖራት ወንድ ያለበት ግቢ ትሄዳለች ይላል። የሚለውን ይበል ብላ ተቀመጠች።

ማሬም ከሴቶቹ ጋር ሽንኩርት በጆንያ እየሞላች ነበር። ንጎኔን ስታይ ጥርሷ ተገለጠ፤ ሴቶቹም ሥራቸውን አቁመው ለጨዋታው ተዘጋጁ። ማጋት ከመደቡ ማዶ በበርጩማ ተቀምጦ ጎማ ይዟል፤ ቀና ብሎ አየና ለስድቡ አፉን ከፈተ።

«አክስቴ!» አለች ማሬም ቀድማ። «እንኳን ደህና መጣሽ! ደግሞ ምን ተበላሸ?»

«ምንም አልተበላሸም» አለች ንጎኔ። «ማጋትን ላየው ነው የመጣሁት።»

ሴቶቹ ቀጥሎ የሚመጣውን ጠበቁ። የሚቀጥል አልነበረም። ንጎኔ ሰማያዊ ክንዶቿን በጎኗ እንደለቀቀች ቆመች። ማጋት የከፈተውን አፉን ዘጋ፤ ጎማው ከእጁ ወድቆ ውሃው በሽንኩርቱ መካከል ወደ ፈለገበት ፈሰሰ። ማንም አልሳቀም።